እማሆይ ስንት ዓመታቸው ነበር?

ጎንደር ላይ አንዲት ትልቅ እናት ሲያርፉ ድንኳኑን እድር ይተክላል፣ እዝኑን ጎረቤት ያመጣል፤ የሕይወት ታሪኩ ደግሞ ጽሕፈቱ በሚያምርለት የእህት ልጅ ላይ ይወድቃል። መነሻው የታወቀ ነው፤ «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት በ... ዓመተ ምሕረት ተወለዱ።» ስሞቹን ሁሉም ያውቃል። ቤተ ዘመድ የሚጣላው ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ አይረዳም። እዚያ ላይ እማሆይ 78 ናቸው። ቁጥሩን ያስሞላው መካከለኛው ልጃቸው ነው፤ ጡረታ ፈርቶ የራሱን ዕድሜ ሲቀንስ እንዳያሳብቅበት የእናቱንም አብሮ ቀነሰው።

የሚያዋጣው በዘመን ምልክት ማስላት ነው። እማሆይ «ጣሊያን ሲገባ ጠቦት እጠብቅ ነበር» ይሉ ነበር። ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ነው። ጠቦት የሚጠብቅ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከብት ቢሆን አሥር እንል ነበር። ስለዚህ ልደታቸው 1921 ግድም ይውላል። ማመሳከሪያም አለ፤ «ጣሊያን ሲወጣ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ።» ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። 13 ዓመት፤ በዚያ ዘመን ደንብ ለመዳር በቂ ነው። በ2017 ካረፉ እንግዲህ 96።

ስሌቱን የሚያበላሹት ልጆቹ ናቸው። የበኩር ልጃቸው «58 ነኝ» ካሉ ወዲህ ንቅንቅ አላሉም። በእሳቸው ቁጥር እማሆይ ከተዳሩ በኋላ 25 ዓመት ያህል ልጅ አላዩም። የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ጡረታውን ስለወሰደ የሚፈራው ነገር የለም፤ እውነቱን ተናገረ፤ 61። ታናሹ ታላቅ እህቱን በሦስት ዓመት በለጠ። እንዲህ ሲሆን «ዕድሜ ጠግበው» ተብሎ ይታለፋል።

የቀረው በየለቅሶው የሚነበበው ነው፤ ልጆቻቸውን ለወግ ማዕረግ አብቅተው፣ «ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሲረዱ ቆይተው»። ውጭ የተባለው የልጅ ልጃቸው ከዋሽንግተን የላከችው የጉልበት ቅባት ነው።

የእጃቸው ሥራ ሁሉ በአንድ ቃል ያልቃል፤ «ባለሙያ»። እስቲ መሶቡን ብቻ እንየው። ስንደዶው ክረምቱ ሲወጣ ይመዘዛል። አክርማው ተሰንጥቆ ይደርቃል፤ ቀለም የሚገባው ተቀቅሎ አለላ ይሆናል። ሲሰፋ ይርሳል፤ ደረቅ አክርማ ሲያጥፉት ይሰበራል፣ ከልክ በላይ የራሰ ደግሞ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ስፌቱ ይላላል። ስንደዶው ውስጥ ይሆንና አክርማው ይጠቀለልበታል፤ ወስፌው ያለፈውን ዙር እየበሳ ያያይዘዋል። ስንደዶ ሲሳሳ አንድ ሁለት እያሉ መጨመር ነው፤ እፍኙን በአንዴ የሰገሰገች ጉብታ ታተርፋለች፣ ዙሩ ይጣመማል፣ ክዳኑም አልገጥም ይላል። እማሆይ ክዳን ከግንዱ ጋር ሲገጥም በጆሮ ያውቁ ነበር።

አለላ ከቅዳሜ ገበያ ሲጠፋ ሹራብ ይተረትሩ ነበር። የአንድ ልጃቸው ቀይ ሹራብ ደብዛው የጠፋው ክዳኑ ላይ ቀይ ኮከብ በወጣ ሳምንት ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌው ሊቀ መንበር ኮከቡን አይተው ስለ አብዮታዊ ስሜታቸው አመስግነዋቸዋል። ልጁ በዚያ ክረምት በብርድ ሳለ።

ጠላቸውን በግራም ለመጻፍ የሞከረች የልጅ ልጅ ነበረች። «ጌሾው ስንት ጣሳ?» «እስኪበቃው።» «መብቃቱ በምን ይታወቃል?» «ይሸታል።» ጌሾውን በሚዛን ለክታ ኮምጣጤ ጠመቀች፤ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አላጠበችውም፣ በወይራ አላጠነችውም፣ አፉንም በደንብ አላሸገችውም። ሚዛን ይህን አይነግርም።

አሁን መሶቡን ስምንቱም ልጆች «ለእኔ ነው ያለችው» ይላሉ። ወስፌው ለማን እንደተባለ የሰማ የለም።

ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የሚነበበው ከፍትሐት በኋላ፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው፤ ቄሱ ሁለት ጊዜ ካሳሉ አንባቢው ወደ «ነፍስ ይማር» ይዘላል። ስለዚህ መሶቡና ጠላው አንደኛው ገጽ ላይ ይግቡ፤ የልጆቹ ማዕረግና የሥራ ቦታ ሁለተኛው ላይ። ልጆቹ ይህን እንዳዩ ገጾቹን ማቀያየራቸው አይቀርም፤ ወረቀቱ ለአንባቢው ከመሰጠቱ በፊት በስቴፕለር ይመታ፤ በሁለት በኩል።