የቨርጂኒያ ቅጽና የሰባት ቤት ቆጠራ

ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ በአይ-95 አውራ ጎዳና ወደ ሪችመንድ የሚነዳ ሀበሻ ሁሉ ካሮላይን ካውንቲን ያቋርጣል። ግራ ቀኙ ጫካ ነው፤ ቤንዚን ካልጎደለበት የሚቆም የለም። በሐምሌ 1958 (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የዚያ ካውንቲ ሸሪፍ በሌሊት ቤት ገብቶ ሪቻርድ ሎቪንግንና ሚስቱን ሚልድረድን ከአልጋቸው አስነሳቸው። እሱ ነጭ፣ እሷ ከጥቁሮችና ከቀደምት አሜሪካውያን የምትወለድ ነበረች። ከወር በፊት ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው ተጋብተዋል፤ የጋብቻ ወረቀታቸውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሸሪፉ ይህ እዚህ አይሠራም ብሎ ወሰዳቸው። በጥር 1959 ዳኛው የአንድ ዓመት እስር ፈረደባቸውና፣ ለ25 ዓመት አብረው ቨርጂኒያን እንዳይረግጡ አስጠንቅቆ በገደብ ለቀቃቸው። ዲሲ ተሰደዱ።

የተፈረደባቸው ቨርጂኒያ በ1924 ባወጣችው የዘር ንጽሕና ሕግ ነው። የዚህን ሕግ አሠራር በዝርዝር ማወቅ ይጠቅማል፤ የዘር አጥር እንዴት እንደሚታጠር ጥርት አድርጎ ያሳያልና። ፖሊስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መዝገብ ይቀድማል። ሕፃን ሲወለድ ዘሩ ይጻፋል። ተጋቢዎች ፈቃድ ሊያወጡ ሲመጡ የካውንቲው ጸሐፊ ዘራቸውን ይጠይቃል፤ ከተጠራጠረ ፈቃዱን ይይዛል። ነጭ የሚባለው ሌላ ደም ቅንጣት ያልነካው ብቻ ነው ተባለ። አንዲት ቀዳዳ ግን ተተወች፦ ከቀደምት አሜሪካውያን ደም ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ያልበለጠ ቢኖርበት ነጭነቱ አይነካም። ምክንያቱም የግዛቷ ትልልቅ ቤተሰቦች ከቀደምት አሜሪካውያን አለቃ ልጅ ከፖካሆንታስ እንወለዳለን እያሉ ይኩራሩ ነበር። ንጽሕና የሚሉት ነገር ለጌታው ሲሆን እንዲህ ይላላል። ዋልተር ፕሌከር የሚባል ሐኪም እስከ 1946 ድረስ የወሳኝ ኩነት መዝገብ ሹም ሆኖ፣ ለጸሐፊዎችና ለአዋላጆች ደብዳቤ እየጻፈ እነ እገሌ ነጭ አይደሉም፣ አትመዝግቧቸው ይል ነበር። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስር ነው።

ይህችን ቁጥር የእኛም አገር ታውቃታለች። ፋሺስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1937 ባወጣችው አዋጅ፣ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገች። በኅዳር 1938 ጋብቻውን ጭራሹን ከለከለች፤ በግንቦት 1940 ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል አደረገች። ታሳሪው ወንዱ ነበር፤ አባት የለሽ ሆኖ የሚቀረው ግን የሀበሻዋ ልጅ ነው። አዲስ አበባንም ለሁለት ሊከፍሏት ዐቅደው፣ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። ፒያሳ ለነጩ፣ መርካቶና አዲስ ከተማ ለአገሬው። በ1941 ስለተባረሩ ዕቅዱ ከዳር አልደረሰም፤ እኛ ግን በየቀኑ በዚያ ዕቅድ ስሞች ታክሲ እንጠራለን። በእነዚያው 1930ዎቹ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ውስጥ ነጮቹ ከሆልስ ሂል የጥቁሮች ሰፈር የሚለያቸውን ግንብ ሠርተው ነበር፤ ቁራጩ ዛሬም ቆሟል። የሁለቱ ከተሞች አጥር ሠሪዎች አይተዋወቁም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው።

ሚልድረድ በ1963 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጉዳዩን የያዙት ወጣት ጠበቆች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ሰኔ 12 ቀን 1967 ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ የቨርጂኒያን ሕግ ሻሩ። በዚያን ቀን ተመሳሳይ ሕግ የነበራቸው ግዛቶች 16 ናቸው። የሰው ልብ ግን በአንድ ቀን አልተሻረም። አላባማ የሞተውን ክልከላ ከሕገ መንግሥቷ ያወጣችው በ2000 በሕዝብ ድምፅ ሲሆን፣ ከአሥር መራጮች አራቱ ይቆይ ብለው ነበር። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በ1958 ሲጠይቅ የጥቁርና የነጭ ጋብቻን የደገፉት 4 በመቶ ነበሩ፤ በ2021 ወደ 94 በመቶ ደርሰዋል። ከተለያየ ዘር የተጋቡ አዲስ ሙሽሮች ግን በ1967 ከመቶ 3፣ በ2015 ከመቶ 17 ናቸው። የሚደግፈውና የሚያገባው በቁጥር አይገናኙም፤ ሰው የሚያገባው የሚያገኘውን ነው፣ የሚያገኘው ደግሞ በሰፈሩና በትምህርት ቤቱ ነውና።

ሰፈሩም ቢሆን በወረቀት የተሠራ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ የቆየ ቤት የገዛችሁ፣ የይዞታ ሰነዳችሁን ሰንሰለት ወደ ኋላ አስፈልጉ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በተሸነሸኑ ቦታዎች ላይ ይህ ቤት ከነጭ በቀር ለማንም አይሸጥም፣ አይከራይም የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት በ1948 ተከልክለዋል፣ በ1968ቱ የቤቶች ሕግም ውድቅ ነው፤ ጽሑፉ ግን እናንተ በገዛችሁት ቤት ሰነድ ውስጥ ተኝቷል። ከ2020 ወዲህ ባለቤቱ ለካውንቲው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ የመሻሪያ ሰርተፍኬት አስመዝግቦ ከቤቱ ላይ ማንሳት ይችላል። እኔ የምመክረው እንድታነሱትም፣ ከማንሳታችሁ በፊት ለልጆቻችሁ እንድታነቡላቸውም ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በዘር፣ በብሔርና በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው ይጋባሉ ይላል። የሚሻር ሕግ የለም። ስለዚህም የሚሻርበት ፍርድ ቤት የለም። የእኛ አጥር የተጻፈው ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ በሚጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው፦ ዘሩ ከማን ነው?

ይህ ጥያቄ መልካም ጎን እንዳለው አልክድም። በደጋው ባህል ሰባት ቤት ድረስ አባት አያት ቅድመ አያት እየተቆጠረ፣ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ቆጠራው ሰውን ወደ ውጭ፣ ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ ዘር እንዲያገባ ይገፋዋል፤ ብዙ መደባለቅ የመጣው በዚህ ነው። ነገር ግን በዚያው ቆጠራ ሌላም ነገር ይፈለጋል። ከቆጣሪዎቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በእናቷ በኩል ያለችው አያት ሸክላ ትሠራ ነበር ይላል። ወይም ቀጥቃጭ፣ ወይም ፋቂ። ወይም ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ስም ይነሳል። ቡዳ ናቸው የሚለው ቃል ከተወረወረ ሽምግልናው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ለልጅቷ ወላጆች የሚነገረው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች አብሮ መብላትና መጋባት ሲነፈጋቸው ኖረዋል። ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አስነግረዋል፤ ባርነት በ1942 አዋጅ ቀርቷል፤ የአጥንት ቆጠራው ግን ቅጽ ስለሌለው የሚቀደድ ነገር አልተገኘለትም።

ያንን ጥያቄ በሻንጣ ይዘነው መጥተናል፤ ስለ አሜሪካ ዘረኝነት ያለን ምሬት እውነተኛ ሆኖ ሳለ ዝም ብለን የምናልፈውም ይህንን ነው። የሀበሻ ልጅ ነጭ ልታገባ ነው ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይለምዳል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው ሲባል ግን ጥያቄው ይረዝማል፤ አባቱ ማነው፣ ታስሮ ያውቃል ወይ፣ ሠፈሩ የት ነው። ዶክተር ቢሆንም ይጠየቃል። ይህ ከፕሌከር ደብዳቤ በምን እንደሚለይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ሃይማኖት ነው ምክንያታችን የሚሉ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን የምትጠይቀው ጥምቀትና እምነት እንጂ ቀለም አይደለም። ግብፃዊው፣ አርመናዊውና የሕንዱ ማላንካራ ኦርቶዶክስ በእምነት አንድ ናቸው፤ ሌላውም ተምሮ፣ ተጠምቆ፣ የክርስትና አባት ይዞ ይገባል።

ዛሬ በቨርጂኒያ የጋብቻ ፈቃድ ማውጣት ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ሁለቱ ተጋቢዎች መታወቂያ ይዘው የፈለጉት ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ይቀርባሉ፣ ይምላሉ፣ 30 ዶላር ይከፍላሉ፤ ፈቃዱ ለ60 ቀን ይጸናል። ቅጹ ላይ የነበረው የዘር ጥያቄ ግን እስከ 2019 ድረስ ግዴታ ነበር። የሮክብሪጅ ካውንቲ ከ200 የሚበልጡ የዘር ስሞች ያሉበት ዝርዝር ነበረው፤ ናዚዎች ይጠቀሙበት የነበረው አርያን የሚል ስምም አለበት። ሦስት ጥንዶች ክስ መሥርተው የፌዴራሉ ዳኛ ማስገደዱን አስቆመው። በአገር ቤትም የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር፤ ከሁለት ብሔር የተወለደ ልጅ አንዱን፣ ብዙ ጊዜ የአባቱን ያጽፋል፤ ያ መስመር በኬላ ላይ ሰው ከአውቶቡስ አስወርዷል። ለአዲሱ ብሔራዊ መታወቂያ ለፋይዳ ሲመዘገቡ ብሔር አይጠየቅም። ትክክለኛ እርምጃ ነው።

ሽማግሌዎቹም መጠየቃቸውን አይተዉ፤ የሚጠይቁት ይቀየር። የቀድሞ ጋብቻ አለ ወይ፣ ካለ የፍቺው ወረቀት ተፈርሟል? የሚቆረጥ የልጅ ማሳደጊያ አለ? የትምህርት ብድሩ ስንት ነው? ልጆቹ በየትኛው እምነት ያድጋሉ? ትዳር የሚያፈርሰው እዚህ ውስጥ ነው። ሙሽራው አሜሪካዊ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሽማግሌ ሲላክ የሴቲቱ ቤተሰብ ወዲያው እሺ አይልም፤ እንመካከርበታለን፣ ተመለሱ ይባላል። ለእኛ ይህ ወግ ነው፤ ለጥቁር አሜሪካዊው ቤተሰብ ግን በቀለማችን ምክንያት ከደጅ መለሱን የሚል ትርጉም አለው፤ ታሪካቸው ያንን አስተምሯቸዋልና። ስለዚህ ሙሽራዋ ወይም አጎቷ አስቀድመው ለወንዱ እናት ይደውሉ፤ በመጀመሪያው ቀን መልስ እንደማይሰጥ፣ ሽማግሌዎቹ ነገራቸው እስኪሰማ ቆመው ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ ሁለተኛው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ይንገሯቸው። ከሚላኩት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱም ከራሱ ከሙሽራው ወገን፣ አባቱ ወይም አጎቱ ይሁን፤ አብሮት የሚቆም አስተርጓሚም ይመደብለት።