የኬዳርናት ዐለት ያዳነውና ያላዳነው

በሕንድ ኡታራካንድ ግዛት፣ ሂማላያ ላይ በ3,583 ሜትር ከፍታ የቆመው የኬዳርናት ቤተ መቅደስ ሁለት አፈ ታሪኮች አሉት። አንደኛው ጥንታዊ ነው፤ ሌላው ገና በእኛ ዘመን የተወለደ። ዛሬ ጎልቶ የሚተረከው አዲሱ ነው። እኔ ግን የጥንቱ ይሰማ እላለሁ።

የጥንቱ የሚጀምረው በማሃባራታ፣ በሕንዶች ጥንታዊ የጀግንነት ግጥም፣ ከሚተረከው ጦርነት ማግስት ነው። ፓንዳቫ የሚባሉት አምስት ወንድማማቾች በኩሩክሼትራ ሜዳ ድል አደረጉ፤ ግን የአጎታቸውን ልጆች፣ መምህራቸውን ድሮናን፣ እንደ አያት ያሳደጋቸውን ቢሽማን ገድለው ነው። ዙፋኑ እጃቸው ቢገባም የዘመድ ደም ዕረፍት ነሳቸው። የሂንዱዎችን አምላክ ሺቫን ስርየት ሊለምኑ ካሺ ወደምትባል ቅድስት ከተማ ድረስ ሄዱ። ሺቫ ፊታቸውን ማየት አልፈለገም። ወደ ተራሮቹ ሸሸ፤ በሬ መስሎም ከከብት መካከል ተደበቀ። ከወንድማማቾቹ ጉልበተኛው ቢማ ለይቶ አወቀውና ሊይዘው ሲታገል በሬው ወደ መሬት ሰጠመ። ሻኛው ኬዳርናት ላይ ቀረ። ክንዶቹ በቱንግናት፣ ፊቱ በሩድራናት፣ እምብርቱ በማድያማሄሽዋር፣ ጸጉሩ በካልፔሽዋር ብቅ አሉ ይባላል። መቅደሱ ውስጥ ተሳላሚዎች በእጃቸው ቅቤ የሚቀቡት ሾጣጣ ዐለት ያ ሻኛ ነው።

ስንት የድል ታሪክ አምላክን ከአሸናፊው ጎን ያሰልፋል! እዚህ አምላክ የሚሸሸው ከአሸናፊው ነው። ፓንዳቫዎችም ጦርነቱ ፍትሐዊ ነበር ብለው አልተከራከሩም። የሞቱት በእጃቸው እንደሞቱ አምነው፣ ያንን ሸክም ይዘው ነው ዳገቱን የወጡት።

አዲሱ አፈ ታሪክ እ.ኤ.አ. ጁን 16 እና 17 ቀን 2013 ተወለደ። ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ከቤተ መቅደሱ በላይ፣ በቾራባሪ የበረዶ ግግር አጠገብ የነበረው ሐይቅ የተፈጥሮ ግድቡን ጥሶ ቁልቁል መጣ። ውሃው፣ ጭቃውና ድንጋዩ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ የነበረውን ከተማ ጠራርጎ ወሰደ። በግዛቲቱ የሞቱትና የደረሱበት ያልታወቀው ከ5,000 በላይ ናቸው። ቤተ መቅደሱ ግን ቆመ። ከበስተጀርባው አንድ ግዙፍ ቋጥኝ ተንከባሎ መጥቶ ጎርፉን ለሁለት ከፍሎት ነበርና። ምእመናን «ቢም ሺላ» አሉት፤ የቢማ ዐለት ማለታቸው ነው። አሁን ይሰገድለታል።

በዚያ ሌሊት ተርፎ ዐለቱን የሚስም ሰው ላይ የምፈርድበት አንደበት የለኝም። ቅር የሚለኝ ታሪኩ ከዐለቱ አልፎ አለመሄዱ ነው። ማደሪያዎቹ በማንዳኪኒ ወንዝ መሄጃ ላይ ለምን ተሠሩ? ያን ያህል ሕዝብ በዚያ ጠባብ ሸለቆ ማን አሳደረ? ተአምሩ ሲተረክ እነዚህ ጥያቄዎች ይዋጣሉ፤ ሟቾቹም የቤተ መቅደሱ መትረፍ ማድመቂያ ይሆናሉ።

ጥያቄው ደግሞ ያለፈ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ኬዳርናት ወጥቷል። በማርች 2025 የሕንድ መንግሥት ከሶንፕራያግ ኬዳርናት የሚደርስ 12.9 ኪሎ ሜትር የኬብል መጓጓዣ አጽድቋል፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ወደ 36 ደቂቃ ያወርደዋል። ለአረጋውያንና ለሕሙማን ትልቅ ነገር ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን በሰዓት 1,800 ሰው ወደዚያ ሸለቆ ሲያወጣ፣ ዝናቡ ድንገት ቢመጣ ያ ሁሉ ሕዝብ በየት ይወርዳል?

የቤተ መቅደሱ ካህናት ይህን ተራራ ያውቁታል። በረዶው ሲጠነክር በሩን ዘግተው የአምላካቸውን ምስል ተሸክመው ወደ ኡኪማት ይወርዳሉ፤ ስድስት ወር ያህል እዚያ ያመልኩታል። ተራራው ልቀቁልኝ ሲል መልቀቅ ለእነሱ የእምነት ጉድለት ሆኖ አያውቅም። ባለሥልጣናቱም የተሳላሚውን ቁጥር በኬብሉ አቅም ሳይሆን በሸለቆው አቅም ይወስኑ፤ ወንዙ በወሰደው መሬት ላይም ዳግም ማደሪያ አይፍቀዱ።