ክስ መጻፍ ያልተማረ የሕግ ምሩቅ

በባሕር ዳር ፍርድ ቤቶች አካባቢ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች አብዛኞቹ የሕግ ዲግሪ የላቸውም። ሆኖም አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ የወጣ ልጅ የመጀመሪያ ክሱን ሲያዘጋጅ አጻጻፉን የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ከእነሱ ወይም ከቆየ የጠበቃ ፋይል ነው። ልጁ አያፍርበት፤ ከእነሱ መካከል ነገርን ከብዙ ጠበቃ አሳምረው የሚያስረዱ አሉ። ማፈር ያለበት ያስተማረው የሕግ ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ ነው። ተማሪው የሰበር ሰሚ ችሎትን ውሳኔ በአማርኛ ያነብባል፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ የሕግ አጻጻፍ ኮርሱንም በእንግሊዝኛ ይጨርሳል። ተመርቆ ጠበቃ ቢሮ ሲገባ ግን አንድ ገጽ የአማርኛ ክስ አምጣ ይባላል።

ችግሩ የቋንቋ ብቻ ቢሆን በጥቂት ወራት ልምምድ ይቃለል ነበር። የባሰው ፍሬ ነገር፣ ማለትም ምን፣ መቼና የት እንደተፈጸመ፣ መጻፍ አለመቻል ነው።

ሽምብጥ የሚኖሩ አንዲት እናት ጎረቤታቸው አጥራቸውን አፍርሶ ግቢያቸውን ገፋባቸው እንበል። ይህ የሁከት ይወገድልኝ ክስ፣ ማለትም ይዞታዬ ላይ የተፈጠረው ጣልቃ ገብነት ይቁምልኝ የሚባልበት ክስ ነው። አዲሱ ምሩቅ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ተከሳሽ ምንም ዓይነት ሕጋዊ መብት ሳይኖረው፣ ከሕግ አግባብ ውጭ፣ በማን አለብኝነት ሕጋዊ ይዞታዬን በመዳፈር ከፍተኛ በደል ስለፈጸመብኝ...» ሲነበብ ይሞቃል። ዳኛው ግን በማስረጃ የሚያጣራው አንድም ነገር የለበትም። አጥሩ መቼ ፈረሰ? በየት በኩል? ስንት ሜትር ገባ? ማን አየ? በአደባባይ የቃል ሙግት ዘመን ይህ ዓይነቱ ንግግር ተመልካች ሳያስጨበጭብ አይቀርም፤ መዝገብ ላይ ግን ወረቀት ከመሙላት አያልፍም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 የሁከት ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 222 የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ እንዲገለጽ ያዛል። ተማሪው ሁለቱንም ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። እኚያን እናት ግን «እማማ፣ አጥሩ መቼ ነው የፈረሰው?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እሳቸው «የጥምቀት ሰሞን ነው ልጄ» ይሉታል። የአምናው ጥምቀት ነው የካቻምናው? ካቻምና ከሆነ የተከሳሽ ጠበቃ የይርጋ መቃወሚያውን፣ ክሱ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል የሚለውን፣ ይዞ ይመጣል፤ አምና ከሆነ መቃወሚያው አይሠራም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ «በማን አለብኝነት» የሚለው ላይ አይደለም።

ወደ ባሕር ዳር የሚመጡት ተማሪዎች ከመላ አገሪቱ የተመደቡ ናቸው፣ ሁሉንም በአማርኛ ጻፉ ማለት ፍትሐዊ አይደለም የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት አለው። በአማራ ክልል ውስጥ እንኳ የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ስለዚህ ተማሪው ሊሠራበት ባሰበው ፍርድ ቤት ቋንቋ ይጻፍ፤ በሌሎቹ ቋንቋዎች አራሚ መምህር ማግኘቱ ይከብዳል፣ እሱን አልክድም። እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋው የሆነ ፍርድ ቤት ግን በአገሪቱ የለም። እንግሊዝኛው ለጥናትና ለውጭ ውል ይቆይ፤ ማንም አይጥለውም።

ልምምዱን ለመጀመር አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ አቅም የሌለው ባለጉዳይ በየቀኑ ይመጣል። ከዚያ የተዘጋ ፋይል ይወሰድ፣ ስምና አድራሻ ይውጣለት፣ ለክፍሉ ይሰጥ። አንዱ ተማሪ ክሱን ይጻፍ፤ ሌላው በዚያው ክስ ላይ መልስ ይስጥ። የክሱን ቀዳዳ ከመምህሩ ቀድሞ የሚያገኘው መልስ ሰጪው ነው፤ ጓደኛው ያልጻፈውን ቀን ይዞ ይሞግተዋል። ከዚያ ሁለቱም ታርሞ ይመለስላቸው፣ እንደገና ይጻፉ፣ ማርኩም ለሁለተኛው ይሰጥ። ያለ ሁለተኛው ጽሑፍ እርማቱ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ተማሪው ማርኩን አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል።

መምህራን ሰዓት የለንም ይላሉ። የክፍሉን ብዛት ላየ ሰው ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ግን በየሴሚስተሩ ተሰብስቦ ከማርክ በኋላ ማንም ዳግም የማያየው ተርም ፔፐር አለ። ከእነዚያ አንዱ ይቅርና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ኮርስ ውስጥ አንድ ክስና አንድ መልስ ይተኩት።