ሕፃኗን ልታስከትብ የመጣችውንም እናት ጠይቋት

ስታስነጥስ ሽንቷ የሚያመልጣት፣ ውሃ ተሸክማ ስትመለስ ከታች የሚወርድ ነገር ያለ የሚመስላት ሴት ችግሯን ለእናቷ ወይም ለጎረቤቷ ብታዋይ መልሱ የታወቀ ነው፤ «የወለደች ሴት ያለባት ነው፣ ቻይው»። ጤና ጣቢያ ብትሄድም ብዙ ጊዜ ከዚህ የራቀ ነገር አትሰማም።

በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የማህፀን ሐኪምና ተመራማሪ የሆኑት ጆን ዲላንሲ የሙያ ዘመናቸውን የሰጡት ይህን መልስ ለመመርመር ነው ማለት ይቻላል። በትክክል የተጎዳው የቱ ነው? ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ አስከሬን እየመረመሩ ማህፀንንና ፊኛን ደግፎ የያዘውን አጠኑ፤ ድጋፉ ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። ቀጥሎ ወደ ሕያዋን ሴቶች ዞሩ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጣል። ወልደው የማያውቁ 80 ሴቶችንና አንድ ጊዜ በምጥ፣ ያለ ቀዶ ጥገና የወለዱ 160 ሴቶችን የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ አነሡ። ካልወለዱት በአንዷም የዳሌ ወለል ጡንቻ ላይ፣ ማለትም ማህፀንንና ፊኛን ከታች ደግፎ በሚይዘው ጡንቻ ላይ፣ ጉዳት አልታየም። ከወለዱት በ32ቱ ላይ ታየ። ብዙ ሰው 32ቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ግን ስለቀሩት 128 ሴቶች ማውራት እፈልጋለሁ። እነሱም ወልደዋል፣ ጡንቻቸው ላይ ግን የሚታይ ጉዳት የለም። ስለዚህ «የወለደች ሁሉ ያለባት ነው» የሚለው ሐሰት ነው። አንዳንዶች ይጎዳሉ፣ ብዙዎች አይጎዱም፤ ልዩነቱም ምክንያት አለው። ዲላንሲ ከኢንጂነሩ ጄምስ አሽተን-ሚለር ጋር በኮምፒውተር በሠሩት ሞዴል፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ሲያልፍ ከጡንቻው አንዱ ክፍል ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚለጠጥ አሳይተዋል። ሕፃኑን ፎርሴፕስ በሚባለው የማዋለጃ መቆንጠጫ መጎተት ደግሞ ጉዳቱ የመድረስ ዕድሉን ይጨምራል።

አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት ጡንቻ የማጠንከር እንቅስቃሴ ዛሬም ይጠቅማል። ሆኖም በወሊድ ጊዜ ከአጥንቱ የተገነጠለ ጡንቻ በእንቅስቃሴ ተመልሶ አይጣበቅም። ሳይመረምሩ «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መሸኘት ከ«ቻይው» ብዙም አይሻልም።

እኛ በዚህ ዘርፍ ታሪክ የሌለን ሰዎች አይደለንም። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፊስቱላ (በተራዘመ ምጥ የሚመጣና ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈስ ቀዳዳ) ሆስፒታሉን መሥርተው፣ ዓለም የሚማርበት ቦታ አድርገውታል። ነገር ግን የፊስቱላ ዝና ሌላውን ጉዳት የጋረደው ይመስለኛል። ድጋፉ ላልቶ ማህፀኗ ወደ ታች የወጣባት ሴት፣ እንደ ፊስቱላ ታማሚዋ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አትባረርም፤ ታበስላለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ዝም ትላለች። ፎቶዋን ይዞ ገንዘብ የሚያሰባስብላት የለም። በሰሜን ጎንደር ዳባት አካባቢ የተደረገ ጥናት የማህፀን መውጣትን በቀን ለረጅም ሰዓት ከባድ ሸክም ከመሸከም ጋር አያይዞታል። ለክርስትናው 40 ወይም 80 ቀን እንቆጥራለን፣ ገንፎውም አይቀርም። ጀሪካኑን ግን ማን ያንሣላት?

ሐሳቤ ትልቅ ሆስፒታል ይሠራ አይደለም። ሕፃኑ በስድስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን የፔንታቫለንት ክትባት ሲወስድ እናቱ አቅፋው ትመጣለች። ያን ቀን ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፤ እሷን ማንም ምንም ሳይጠይቃት ትሄዳለች። «ሽንት ያመልጥሻል? ከታች የሚወርድብሽ ነገር አለ?» ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃል። መልሱም እንደ ልጁ ክትባት በካርድ ይመዝገብ። ሴቶቹ አፍረው አይናገሩም የሚሉ አሉ። ያልተጠየቀች ሴት አፈረች ማለት ግን ምን ማለት ነው?

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጠይቀን ወዴት እንላካት? ቀዶ ጥገና ለሚያስፈልጋት በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የሃምሊን ማዕከላት አሉ፤ ለሁሉም ይበቃሉ ማለቴ አይደለም። ብዙዋ ሴት ግን ቢላዋ አያስፈልጋትም። ፔሳሪ የሚባለው፣ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ የሲሊኮን ቀለበት፣ በሠለጠነች አዋላጅ እጅ ይገባል፣ ታጥቦም ይመለሳል። ጤና ሚኒስቴር ከዚህ ይጀምር፤ ቀለበቱ ከሪፈራል ሆስፒታል ወርዶ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ይገኝ፣ አዋላጆቹም አለካኩን ይማሩ።