እናቴ የት ትቀመጥ?

ከሮም ከተመለስን አሥር ቀን ሆኖናል። ንዴቴ እስኪበርድ ድረስ ምንም አልጽፍም ብዬ ብቆይም ስላልበረደልኝ ይኸው ልጽፈው ተገድጃለሁ። ጉዞውን ያሰብነው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። የ72 ዓመት እናቴ የቪዛዋ ጣጣ አልቆላት ከአዲስ አበባ ወደምንኖርባት ፍራንክፈርት ስትመጣ፣ የልጆቹም ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ እናቴና እኔ አምስት ሆነን ሮምን ለአራት ቀን ልናይ ሄድን። ከተማዋን የመረጠችው እናቴ ናት፤ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ማየትና የአክሱም ሐውልት ከስልሳ ዓመት በላይ በስደት የቆመበትን ቦታ መርገጥ ትፈልግ ነበር። አራቱም ቀን ያለቀብን ግን ይህን አንድ ጥያቄ ስንጠይቅ ነው፦ እናቴ የት ትቀመጥ?

የምጠይቀው የተለየ እንክብካቤ አይደለም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሃያ ደቂቃ ትሄዳለች፣ አምስት ደቂቃ ዐረፍ ትላለች፣ ከዚያ እንደገና ሃያ ደቂቃ ትሄዳለች። በዚህ አረማመድ ላሊበላን ዞራለች፤ በደረሰችበት ሁሉ ከድንጋይ ላይ አቧራውን ጠርጎ «እዚህ ዐረፍ ይበሉ እማማ» የሚላት ሰው አጥታ አታውቅም። በሮም መሃል ከተማ ግን የምንረግጠው ሁሉ ኮብልስቶን ነው፣ ያውም ዘመን ያሟለጨውና ያጎረበጠው ጥቁር ድንጋይ። እኛ በዞርንባቸው መንገዶች ወንበሩ ሁሉ የምግብ ቤት ነው፣ ጥላውም ሁሉ የምግብ ቤት ነው፤ ለመንገደኛ የቀረው ፀሐይ ብቻ ነው። ፒያሳ ናቮና በሚባለው አደባባይ ላይ የድንጋይ አግዳሚዎች መኖራቸውን አልክድም፤ እኛ በደረስንበት ሰዓት ግን አንዳቸውም ጥላ አልነበራቸውም፤ እናቴ በመዳፏ ነክታ እንደ ምጣድ ስለፋጃት ሳትቀመጥ አለፈች።

በሁለተኛው ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ፒያሳ ዲ ስፓኛ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1723 እስከ 1725 የተሠራ፣ ከ130 በላይ እርከን ያለው ታላቅ ደረጃ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ሰው ተደላድሎ እንዲቀመጥበት የተሠራ ይመስላል፤ ለትውልዶችም ሰው ሲቀመጥበት ኖሯል። እናቴ ከታች ካሉት እርከኖች በአንዱ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፊሽካ ተነፋ። ፊሽካው ለእርሷ መሆኑን አላወቀችም፤ ደንብ አስከባሪው ፊት ለፊቷ ቆሞ በእጁ «ተነሺ፣ ተነሺ» የሚል ምልክት ሲያሳያት ነው የገባት። እኔ እስክደርስላት ድረስ ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ እየተነሣች፣ «ይቅርታ ልጄ፣ አላወቅሁም» አለችው፣ በአማርኛ። ስንት ቤት ገብታ ስንት ወንበር የተለቀቀላት ሴት መሆኗን ሳስበው፣ ያ «ይቅርታ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሕጉን በኋላ አነበብሁት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዚያ ደረጃ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ከ250 ዩሮ ተነሥቶ ደረጃውን ላቆሸሸ ወይም ለጎዳ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ምክንያቱንም እረዳለሁ። ደረጃው 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ወጥቶበት እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሷል፤ ከእድሳቱ በፊት ቡናና ወይን ሲፈስበት፣ ማስቲካ ሲለጠፍበት የኖረ ድንጋይ ነው። ቅርስ ይጠበቅ፤ እኛ ከማንም በላይ ይህን ማለት ያለብን ሰዎች ነን። ነገር ግን ሰውን ከደረጃው ያስነሣ ሕግ ከደረጃው ማዶ ሃያ ወንበር ማስቀመጥ እንዴት አቃተው? በቀን በሺህ የሚቆጠር እግረኛ የሚጠራ አደባባይ፣ ከዚያ እግረኛ መካከል አሮጊት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንደሚኖር ማሰብ ያን ያህል ይከብዳል? ክልከላውን የጻፈ እጅ ማረፊያውንም መጻፍ ነበረበት።

የሄድነው እኛ ክረምት በምንለው፣ እዚያ ግን ሐሩር በሆነው በነሐሴ ነው። ስልኬ 37 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ እናቴ በእኛ አቆጣጠር እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም አትቀምስም፤ ሐኪም ዕድሜሽ አይፈቅድም ቢላትም የእመቤታችንን ጾም አትሽርም። ሮም በየመንገዱ ቀንና ሌሊት የሚፈስሱ፣ ቁጥራቸው 2,500 ገደማ የሚደርስ ንጹሕና ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች አሏት፤ ልጆቼ ከእነርሱ ተለይተው አልዋሉም፣ ለዚህም ከተማዋን ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቴ ግን ፊቷንና እጇን ከመታጠብ በቀር ጥቅም አላገኘችበትም። ለእርሷ ያስፈለጋት ጥላና መቀመጫ ነበር።

የደረሱልን አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የሮም ቤተ ክርስቲያን በሩ ክፍት ነው፣ በአብዛኛው አይከፈልበትም፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ አግዳሚውም የተደረደረ ነው። እናቴ ሌላው ሰው ከነጫማው ሲገባ እያየች እርሷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ትገባና ከኋላ ትቀመጣለች፤ አሥር ደቂቃ ጸልያ ስትወጣ ፊቷ ተመልሶ ታገኙታላችሁ። ታዲያ ከትልልቆቹ በስተቀር አብዛኞቹ እኩለ ቀን ላይ ይዘጉና ከ9 ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይከፈታሉ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ሰው መጠጊያ በሚፈልግበት በዚያው ሰዓት መዝጊያው ይቆለፋል። በሁለት ቀን ውስጥ አራት የተዘጋ በር አንኳኳን።

ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ጾሟን ስትፈታ፣ ቡና እንጠጣ አልን። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ፦ በጣሊያን ቡና ቤት ባንኮኒው ላይ ቆመህ የምትጠጣውና ተቀምጠህ የምትጠጣው አንድ ዓይነት ቡና ዋጋው የተለያየ ነው። እኛ በገባንበት ቤት ቆሞ ለሚጠጣ 1 ዩሮ ከ30 ሳንቲም፣ ጠረጴዛ ለያዘ 5 ዩሮ ነበር። ዋጋው በግልጽ ተለጥፏል፤ አላታለሉንም፣ ይህን መናገር አለብኝ። ግን ለአምስት ሰው፣ በቀን አራት ጊዜ፣ የእናቴን ጉልበት ለማሳረፍ ብቻ መክፈል እንዳለብኝ ሳሰላው ወንበር የምከራይ መሰለኝ። እናቴ ዋጋውን ከልጄ ሰምታ «እንግዲያው ቆሜ እጠጣለሁ» አለች። ቡናን በሦስት ዙር፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ዕጣን አጢሳ የምታፈላ ሴት ቡና ቆማ ልትጠጣ! በግድ አስቀመጥኋትና ከፈልሁ፤ እርሷ ግን ዋጋውን እያሰበች ሲኒውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ከሁሉ የባሰ ነው፤ የባሰብኝ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተስፋ ቦታዋ ስለነበረ ነው። አደባባዩን እንደ ሁለት ክንድ ያቀፉትን 284 ዓምዶች አርክቴክቱ ቤርኒኒ ሲያቆማቸው ምእመናንን የምታቅፍ እናት ቤተ ክርስቲያንን እያሰበ ነበር ይባላል። የፍተሻው ሰልፍ ግን ከዓምዶቹ ጥላ ወጥቶ አደባባዩን እየዞረ በፀሐይ ይሄዳል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆምን። ትከሻ ሳይሸፈን ስለማይገባ እናቴ ነጠላዋን ለልጄ አለበሰቻትና እርሷ በሻሽ ብቻ ቀረች። ከዚያው ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ከኢየሩሳሌም አቋርጠው ለሚመጡ ለእኛ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንዲሆን የተሰጠ ነው። የግእዙ ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. ከ1548 እስከ 1549 ሮም ላይ የታተመው በዚያ ባረፉ ሰዎች ድካም ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በእግሩ ለመጣ ሐበሻ ማደሪያ የሰጠ ቦታ፣ ዛሬ በአውሮፕላን ለመጣች አሮጊት አንድ በርጩማ የለውም።

በዚህ ሁሉ የተጎዳው ጉዞው ራሱ ነው። አምስት ሆነን የሄድነው አብረን ለማየት ነበር፤ ነገር ግን የትኬቱ ሰዓት እንዳያልፍ አንዳችን ከልጆቹ ጋር ስንሮጥ ሌላችን ከእናቴ ጋር ግድግዳ ተደግፈን እንቀር ነበር። የጥንቱን የሮማውያን ትርኢት ማሳያ፣ ኮሎሲየምን፣ ባለቤቴና ልጆቹ አዩት፤ እናቴና እኔ ከውጭ ቆመን ጠበቅናቸው። ከ600 በላይ ፎቶ አንሥተናል፤ አምስታችንም ያለንበት ሁለት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ያስመጣው 24 ሜትሩ ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ በተጀመረው፣ አሁን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሚሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ፈርማ ሳለ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ አክሱም የደረሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። አሁን በቦታው ላይ መኪና ይተላለፋል። እናቴ አንድ ጊዜ አማትባ ዙሪያውን አየች፤ ከዚያ ማዶ ወዳለው ወደ ቺርኮ ማሲሞ፣ ወደ ጥንቱ የሠረገላ እሽቅድድም ሜዳ፣ ተሻግረን፣ በጠወለገው ሣር ላይ፣ ከዛፍ ሥር ነጠላዋን አነጠፈች። ማንም ፊሽካ አልነፋም። ልጆቹ ጭኗ ላይ ተጋደሙ፤ እኔና ባለቤቴ ከጎኗ ተቀመጥን፤ ከሁለቱ ፎቶዎች አንዱ የዚያ ምሽት ነው።

«አገሩ ገብቶ ዐረፈ» አለች፣ ስለ ሐውልቱ።

ለማግሥቱ ጠዋት የተገዛ የሙዚየም ትኬት ነበረን፣ ገንዘቡም አይመለስም። ትቼው እንደገና ወደዚያው ዛፍ ሥር ወሰድኋት።