ጢሙ በኋላ የመጣ ነው

አንድ ጸሐፊ «የጥንት ክርስቲያኖች ጌታን ከመጀመሪያው አንስቶ ባለ ጢም አድርገው ሣሉት» ያሉት አልተዋጠልኝም። ሮም ውስጥ በካሊስቶስ ካታኮምብ (ከመሬት በታች ባለው የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር) የተሣለውን ቸር እረኛ እስቲ ይመልከቱት፦ በግ የተሸከመ፣ አጭር ቀሚስ የለበሰ፣ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነው። ሶርያ፣ ዱራ ዩሮፖስ በተገኘው የ3ኛው ክፍለ ዘመን የጸሎት ቤትም ሽባውን ሲፈውስ የተሣለው ጌታ ጢም የለውም። ጣሊያን፣ ራቬና ባለው ሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን (እ.ኤ.አ. በ547 የተቀደሰ) እንኳ በሰማያዊ ሉል ላይ የተቀመጠው ክርስቶስ ገና ለግላጋ ወጣት ነው። እዚያው አብ የተሣለው ግን ከደመና በወጣች እጅ ብቻ ነው! ሥላሴን በሦስት ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌዎች አምሳል እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ግር ይላል። መቼም የአብን ፊት ለመሣል አልደፈሩም እንጂ የእጅ ሙያ አላነሳቸውም።