«በድምቀት ተካሄደ»፤ እኛ ግን አልነበርንም

እሁድ ማታ ዜና እያየሁ ነበር። ስፖርቱ ሊገባ ሲል አንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን ብቅ አለ። ካሜራው በሥዕሎቹ ላይ ሽው ብሎ አለፈና ሪባን የሚቆርጡት ሰዎች ጋ ሲደርስ ረጋ አለ። ጋዜጠኛዋ የክብር እንግዶቹን ከነማዕረጋቸው ጠራች። የሠዓሊውን ስም አንዴ አነሳች። ከዚያ «ዝግጅቱ በድምቀት ተካሂዷል» ብላ ወደ እግር ኳሱ ተሻገረች።

ሥዕሎቹ ስለ ምንድን ናቸው? የት ነው የተሰቀሉት? እስከ መቼ ይቆያሉ? አልተባለም። እኔ አዳራሹን የለየሁት ከሰዎቹ ጀርባ በሚታየው መስኮት ነው።

ይሄ «በድምቀት» የሚባል ቃል ካስመረረኝ ቆይቷል። ኮንሰርቱም በድምቀት ነው፣ የመጽሐፍ ምረቃውም በድምቀት ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ስብሰባም በድምቀት ነው። ደብዝዞ ያለፈ ዝግጅት በዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር፣ ማይኩም ሲያስቸግር አመሸ፣ የመጨረሻው ግጥም ግን ልብ ይነካ ነበር» ብሎ የዘገበ ጋዜጠኛ አላጋጠመኝም። በሙያው ቋንቋ ይሄ «የሚዲያ ሽፋን» ይባላል። አዘጋጁ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሽፋን ይጠይቃል፣ ሽፋን ይሰጠዋል። ቃሉ ሳይታወቀው እውነቱን ተናግሯል። ነገሩን ሸፍኖት ነው የሚያልፈው።

እውነቴን ነው፣ ከሰፈሬ የእድር ጥሩምባ ነፊ የሚሻል ዘጋቢ አዲስ አበባ ውስጥ አላየሁም። ሰውዬው ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ጥሩምባውን ይነፋል። ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓትና የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ቀብሩ ካለፈ በኋላ መጥቶ «ሥነ ሥርዓቱ በድምቀት ተፈጽሟል» አይልም። ቀድሞ ነግሮ ሰው ያስነሳል።

የቴአትሩ ነገር ደግሞ የባሰ ያስቆጫል። ሥዕል ለጥቂት ቀናት ተሰቅሎ ይወርዳል። ቴአትር ግን እኛ ዘንድ ሌላ ጠባይ አለው። በብሔራዊ ቴአትርም ሆነ በሀገር ፍቅር አንድ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራት ይቆያል። አንዳንዱ ዓመትም ያልፈዋል። አንድ ጋዜጠኛ በመጀመሪያው ሳምንት አይቶ ቢጽፍ፣ አንባቢው በሚቀጥለው ሳምንት ሄዶ ሊያይና «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ ጥሩ ቴአትር እኮ ነው» ብሎ ሊናደድበት ይችላል። ለሂስ ከዚህ የተመቸ አሠራር የለም። ሆኖም የምርቃቱ ምሽት ይዘገባል፣ ከዚያ ጭጭ። ሁለተኛው ክፍል ይንዛዛል ወይ? ዋናው ተዋናይ ሲቀየር ነገሩ ተበላሸ ወይስ አማረበት? የሚነግረን የለም። ስለዚህ ተመልካቹ የሚመርጠው ፖስተሩ ላይ ባሉት ፊቶች ነው። ፖስተሩ ላይ ደግሞ ፊት ይበዛና ሰዓቱ ይጠፋል። የስፖንሰር ዓርማ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

የሀገር ፍቅርን አጀማመር ሳስብ ይገርመኛል። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ደጅ ላይ ሳለ ሲቋቋም ዋናው ሥራው ሕዝብ ሰብስቦ ስለ አገር መናገር ነበር። ዘፈኑና ጨዋታው የገባው ሰውን ይዞ ለማቆየት ነው። ጥላሁን ገሠሠ ዘፋኝነትን የጀመረበት መድረክ መጀመሪያ ወሬ መንገሪያ ነበር ማለት ነው። ወሬውና ጥበቡ አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። መቼ እንደተፋቱ አላውቅም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። የዚህ ከተማ የጥበብ ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚወራው በእንግሊዝኛ ነው። የጀርመኖቹ የባህል ተቋም ጎተ ኢንስቲትዩት ከ60 ዓመት በላይ፣ የፈረንሳዮቹ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ እዚህ ኖረዋል። ውለታቸው ቀላል አይደለም። ብዙ ወጣት ሠዓሊና ሙዚቀኛ ሌላ በር ሲዘጋበት እነሱ ጋ መድረክ አግኝቷል። እኔን የሚገርመኝ የእኛዎቹ ጋለሪዎች ናቸው። ባለቤቱ አበሻ፣ ሠዓሊው አበሻ፣ የተሳለው መርካቶ። ማስታወቂያው ግን ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጅ ነው። «6 ሰዓት» የሚል አይቶ ምሳውን ሳይበላ የሄደ ወዳጅ አለኝ። በሩ ተዘግቷል። የተባለው ለካ የእኛው 12 ሰዓት ኖሯል። ዘመዴ ደግሞ በር ላይ አምስት ሳንቲም ወደማይጠየቅበት ጋለሪ ልወስዳት ስል «በዚህ ልብሴ ያስገቡኛል?» አለችኝ። መልሱን ማስታወቂያው ቀድሞ ሰጥቷታል። የተጻፈው ለእሷ እንዳልሆነ ገብቷታል።

ይሄን ሁሉ ጉድለት ድሮ ሰፈር ይሞላው ነበር። ፒያሳ የሚኖር ልጅ ሀገር ፍቅር ምን እንደሚታይ ለማወቅ ሬዲዮ አያስፈልገውም። ሲያልፍ ያያል፣ ካላየም ጀበና ቡና የምትሸጠው ትነግረዋለች። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ብዙ ሰው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። ስለ ልማቱ ብዙ ተብሏል፣ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚያሳስበኝ የወሬው መንገድ መቆረጡ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይና ጓደኞቹ ሲጨፍሩ ለማየት ከጓሮ ተነስቶ በእግሩ ፈንድቃ የባህል ማዕከል ይገባ የነበረው ጎረቤት ተበትኗል፤ ፈንድቃም የካዛንቺሱን ቤት አጥቷል። ከካዛንቺስ ተነስቶ ዳር ያለው ገላን ጉራ የገባ ሰው ዝግጅት ለማየት ቀድሞ ማወቅ አለበት። የሚጀመርበትን ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበትንም። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ታክሲ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የፈለገ ያውቀዋል። «ስንት ሰዓት ያልቃል» የሚል ማስታወቂያ ግን እስካሁን አላየሁም።

ለጋዜጠኞቹም ልሟገትላቸው። በኤፍኤም ስለ ጥበብ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው። የአየር ሰዓት ገዝተው፣ ስፖንሰር ራሳቸው ለምነው ነው ማይክ ፊት የሚቀመጡት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ለጤናችን ጥሩ ነበር፣ የመዝናኛ ፕሮግራሞች ኪስ ግን ተመታ። የጋዜጦቹም ነገር እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የአዲስ አድማስን የጥበብ ገጾች እያነበበ ቡናውን የጠጣ ሰው ምን እንደጎደለ ይገባዋል። ወረቀት ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀነሰው የኪነ ጥበብ ገጽ ነው። ፖለቲካው አይቀነስም።

ቴሌግራምና ቲክቶክ አሉ አይደል ትሉኛላችሁ። አሉ። የግጥም በጃዝ ምሽት የሚሞላው በእነሱ ነው። ግን ቻናሉን የሚከተለው ቀድሞም የሚመጣው ሰው ነው። ሁሌ የሚገናኙት ያው ሰዎች ናቸው፣ በስም ይተዋወቃሉ። ሬዲዮ ሌላ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ሳትፈልገው ይነግርሃል። ሥዕል አይቶ የማያውቅ ሹፌር ጆሮ ውስጥ የሚገባው እሱ ብቻ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ሐሙስ ማታ አምስት ደቂቃ። ምን አለ፣ የት፣ በእኛ ሰዓት ስንት፣ መግቢያው ስንት ብር፣ እስከ መቼ። የቦታው ምልክት ይነገር፣ «ከእገሌ ሕንጻ ጀርባ» በሚባልበት ከተማ ካርታ ብቻ አይበቃም። የክብር እንግዳው ስም ይቅር። በተረፈው ጊዜ ዝግጅቱን ያየ አንድ ሰው የወደደውንና ያልወደደውን ይናገር። ሠዓሊው ቢቀየም ይቀየም። ሥራው በዝምታ ከሚወርድበት ቢሰደብ ይሻለዋል፤ ቢያንስ ሰው «እስቲ ልየው» ብሎ ይመጣል።

ያን የእሁዱን ኤግዚቢሽን ረቡዕ ሄጄ አየሁት። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ኤግዚቢሽኑ አለ?»

«አለ፣ ግባ ልጄ።»

ውስጡ ጨለማ ነው። ነፍስ የለበትም። «ሰው አይመጣም እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ቅዳሜ ለት መጥተህ ቢሆን! መቆሚያ አልነበረም እኮ። ካሜራም መጥቶ ነበር።»

ብድግ ብለው መብራቱን አበሩልኝ። ቴሌቪዥን ላይ ቀይ መስሎኝ የነበረው ትልቁ ሥዕል ቡናማ ነው። ጠጋ ስል ደግሞ ቀለም አይደለም። የማዳበሪያ ጆንያ ተቀዶ፣ ተደራርቦ፣ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ጫፉ ላይ «50 ኪሎ» የሚለው ጽሑፍ ግማሹ ይነበባል።

አባባ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «እኔም መጀመሪያ ቀለም መስሎኝ ነበር» አሉ።